ለአባባ የገዛነው የቫኒላ ዱቄት

«እህቴ፣ በወር ውስጥ ሰው ይሆኑልሻል» ብሎ ነው የፋርማሲው ልጅ የዚህን በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ፣ የቫኒላ ጣዕም ያለው የምግብ ማሟያ ዱቄት የመጀመሪያውን ቆርቆሮ የሸጠልኝ። አሁን አሥራ አንደኛው ላይ ደርሰናል፤ ስለዚህ አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ።

አባባ የጨጓራ ካንሰር አለባቸው። ኬሞ ከመጀመራቸው በፊት 63 ኪሎ ነበሩ፣ አራተኛው ዙር ላይ 54 ገቡ። የእጅ ሰዓታቸው እስከ ክርናቸው ይንሸራተት ጀመር። ከወንበር ሲነሡ ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነው።

ዱቄቱ ስኳሩ ይበዛል። ጤነኛ ሰው ይወደው ይሆናል፤ ኬሞ አፉን ላበላሸበት ግን ሌላ ጣጣ ነው። «ብረት በስኳር አጠጣሽኝ» አሉኝ አባባ። በፈላ ውሃ ከበጠበጡት ይቋጠራል፤ ለብ ባለ ውሃ ላይ ቀስ እያሉ እየነሰነሱ በሹካ መምታት ነው። በብርጭቆ ስናቀርብላቸው ገና ሲያዩት ይጠግባሉ። መላውን ያገኘችው እናቴ ናት፦ በቡና ሲኒ ቀዳችው፣ ትንሽ ቡናም ጠብ አደረገችበት። አንዱ ብርጭቆ ሦስት ሲኒ ወጣው። አቦል ጠዋት፣ ቶና ቀትር ላይ፣ በረካ ማታ። ከዚያ ወዲህ አልተረፈም።

ጾም ሲገባ ችግር ሆነ፣ ከወተት የተሠራ ነውና። የንስሐ አባታቸው ፈቀዱላቸው፤ እሳቸው ግን ሁለት ቀን አንገራገሩ። ቆርቆሮው ላይ የላም ሥዕል አለመኖሩ በጀን።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ጀርባው ላይ እንደተጻፈው አንድ ብርጭቆ 9 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። አንድ እንቁላል 6 ግራም አካባቢ ይዟል። ሐኪማቸው፣ አባባ የሚያስፈልጋቸው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ነው አሉን፤ ለ54 ኪሎ ሰው ከ54 እስከ 81 ግራም ማለት ነው። የፋርማሲው ልጅ «ምግብ ይተካል» ያለኝ ያንን ብርጭቆ ነው! አንድ ተኩል እንቁላል ነው የሸጠልኝ።

ሐኪሙ ሌላም ነገሩን። ይህ ረሃብ ብቻ አይደለም፤ ካኬክሲያ ይባላል። በሽታው ሰውነት ውስጥ ብግነት አስነሥቶ ጡንቻውን ያሟሟዋል፣ ስለዚህ ማብላት ብቻውን አይመልሰውም። በስድስት ወር ውስጥ ከኪሎ ከ5 በመቶ በላይ መቀነስ ምልክቱ ነው። ለአባባ 3 ኪሎ ገደማ ነበር። እኛ አፍ አውጥተን የተናገርነው ዘጠነኛው ኪሎ ላይ ነው። «ከሲታ የዘራችን ነው» ስንል ነበር።

የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ኪኒን ጠየቅን። ሜጀስትሮል አለ፣ ግን የሚጨምረው በአብዛኛው ስብና ውሃ ነው፣ ደም የማርጋት አደጋም አለው ብለው ተዉት። አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ ደግሞ አናሞሬሊን ስለሚባል የካኬክሲያ መድኃኒት ላከልኝ፤ ጃፓን በፈረንጆቹ 2021 ከጨጓራ ካንሰር ጋር ለሚመጣው ካኬክሲያ ጭምር ፈቅዳዋለች። ጃፓን ሩቅ ነው።

የሐኪሙ ትእዛዝ በቀን ሁለት እንቁላል፣ ምስር፣ ዓሣ ሲገኝ፣ ከዚያ ላይ ዱቄቱ፤ ደግሞም ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ አምስት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። አባባ መጀመሪያ «ስግደት ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ። አሁን ግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ በእጃቸው ይዘው ሰባት ያደርሱታል፤ ጠረጴዛውንም የሚይዙት በአንድ እጅ ነው። ኪሎው አልጨመረም፣ መውረዱ ግን ቆሟል። በዱቄቱ ይሁን በእንቁላሉ ወይስ በወንበሩ፣ መለየት አልችልም።

ከአምስት ሦስት ሰጥቼዋለሁ። የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ትንሹን ቆርቆሮ ውሰዱ፣ የሚያበቃበትን ቀን እዩ፣ ለስኳር ሕመምተኛ ሳትጠይቁ አትስጡ። ባዶዎቹን እናቴ ለሽሮና ለበርበሬ ወስዳቸዋለች፤ ክዳናቸው ጥብቅ ነው፣ በዚህ አልወቅሳቸውም።