ተጠንቀቁ፦ ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ የፎይል የፊት ክንፍ አትግዙ

«የካርቦን የፊት ክንፍ፣ እንደ አዲስ፣ ለጀማሪም ለባለሙያም፣ ለሁሉም ንፋስ፣ በግማሽ ዋጋ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ብር ለመላክ አትቸኩሉ። ለሁሉም ንፋስ የሚሆን የፊት ክንፍ የለም። በዊንግ ፎይል፣ ማለትም ንፋስ የሚይዝ ዊንግ በእጅ ይዞ ከውኃው በላይ በሚነሳ ቦርድ ላይ በሚሄዱበት ስፖርት፣ በእጅ የሚያዘውን ዊንግ ሁሉም ሰው በደንብ አይቶ ይገዛል፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው ከቦርዱ ሥር ማስት (ወደ ታች የሚወርደው ምሰሶ) እና ፊውዝላጅ (ክንፎቹ የሚታሰሩበት አግዳሚ ዘንግ) ላይ ታስሮ ውኃ ውስጥ በሚሄደው ክንፍ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። ክንፉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሁሉም አምራች የሚለካው በአንድ ዓይነት መንገድ አይደለም። አርምስትሮንግ ስፋቱን በካሬ ሴንቲ ሜትር ያስቀምጣል፤ «ኤች ኤ 925» ስፋቱ 925 ነው። ሊፍት የሚቆጥረው በካሬ ኢንች ስለሆነ የእሱ 200 ወደ 1290 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይመጣል። አክሲስ ደግሞ ስፋቱን ትቶ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ርዝመት በሚሊ ሜትር ይጽፋል። ስለዚህ ሻጩ «ሺህ ነው» ሲላችሁ «ሺህ ምን?» ብላችሁ ጠይቁ። ርዝመታቸው እኩል 1000 ሚሊ ሜትር ሆኖ አንዱ 1000፣ ሌላው 1600 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሆኑ ክንፎች አሉ፤ ውኃ ላይ ሲወጡ ደግሞ ፈጽሞ አይገናኙም። ጫፎቹ ወደ ታች የታጠፉ ክንፎች ላይም ተጠንቀቁ። የታጠፈው ሁሉ ተዘርግቶ ሲለካ ስፋቱ ይተልቃል፤ ዋናው ግን በቀጥታ ከላይ ሲታይ ያለው ስፋት ነው።

ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ርዝመት በሴንቲ ሜትር ለኩና በራሱ አባዙት፣ ውጤቱን ለስፋቱ አካፍሉት። 90 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 1800 ስፋት ያለው ክንፍ 4.5 ይሰጣል፤ 100 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 1000 ስፋት ያለው 10 ይሰጣል። ከ4.5 እስከ 6 ያለው በዝቅተኛ ፍጥነት ይነሳል፣ የጀማሪን ስህተትም ይታገሳል። ከ8 በላይ ያለው ቀጭንና ረጅም ነው፤ ከተነሳ በኋላ ብዙ ይንሸራተታል፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ግን ሳያስጠነቅቅ ይጥላል።

ዋናው ወጥመድ እዚህ ነው። ባለሙያዎች የጠገቡት ትንሽና ረጅም የውድድር ክንፍ ገበያ ላይ የሚወጣው «በጣም ጥሩ ዕቃ» ተብሎ ነው። ጥሩ መሆኑስ እውነት ነው፤ ለማን የሚለው ነው የሚዘለለው። ክንፉ የሚያነሳው ክብደት ከስፋቱ ጋርና ከፍጥነቱ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል። ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ ለመነሳት የሚያስፈልገው ፍጥነት በ1.4 ገደማ ይባዛል ማለት ነው። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከነዕቃው 90 ኪሎ ቢሆን፣ በ1800 ክንፍ በሰዓት 12 ወይም 13 ኪሎ ሜትር ላይ ይነሳል፤ በ900 ግን 17 ወይም 18 ያስፈልገዋል። ጀማሪ በ12 ኖት (በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ገደማ) ንፋስ፣ ቦርዱ ገና ውኃውን እየገፋ፣ ይህን ፍጥነት አያገኘውም። ሲያቅተው ትልቅ ዊንግ ይገዛል፤ ችግሩ ግን ከሥር ነው።

ለዚሁ 75 ኪሎ ሰው በግርድፉ እንዲህ አስቡት። ከ8 እስከ 12 ኖት ከ1500 እስከ 2000 ክንፍ ከ6 ካሬ ሜትር ዊንግ ጋር፣ ከ15 እስከ 20 ኖት ከ1200 እስከ 1400 ከ5 ጋር፣ ከ25 ኖት በላይ ከ700 እስከ 1000 ከ3 ወይም ከ4 ጋር። ጀማሪ ከሆናችሁ ንፋሱ ለዘብ ያለ ቀን ምረጡ እንጂ ከ1600 አትውረዱ። በተቃራኒው 2000 ክንፍ ይዞ በ25 ኖት መውጣትም መከራ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የማንሳት ኃይሉ አራት እጥፍ ስለሚሆን የፊት እግራችሁን ምንም ያህል ብትጫኑ ክንፉ ከውኃ ወጥቶ ይጥላችኋል።

የውኃው ጠባይም አለ። በእስራኤል የሜዲትራኒያን ዳርቻ የበጋው የባሕር ንፋስ አጭርና የተዘበራረቀ ሞገድ ያመጣል፤ እዚያ ረጅም ክንፍ ስትጠመዝዙት ጫፉ ከውኃ ይወጣል፣ አየር ይስባል፣ ያዳልጣል። ርዝመቱን በራሱ አባዝታችሁ ለስፋቱ ስታካፍሉት ከ5 እስከ 7 የሚሰጠው ይሻላል፤ ሞገድ ላይ ለመጫወትም እንደዚያው። በቀይ ባሕር ጫፍ ባለችው ኤይላት ውኃው ለጥ ያለ ነው፣ ረጅም ክንፍ ይመቸዋል። ነገር ግን የሰሜኑ ንፋስ ከባሕሩ ዳርቻ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይገፋል፤ በትንሽ ክንፍ መነሳት ያቃተው ሰው ቀዝፎ መመለስ ሊያቅተው ይችላል። በሳን ፍራንሲስኮ ክሪሲ ፊልድ የባሕር ዳርቻ ላይ ንፋሱ ከጣለና ባሕሩ እየሸሸ ከሆነ፣ የውኃው ፍሰት በጎልደን ጌት ድልድይ ሥር ወደ ውቅያኖስ ይጎትታል። በእነዚህ ቦታዎች ትልቅ ክንፍ መያዝ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ኪሳራ አለመገጣጠም ነው። የአንዱ አምራች ክንፍ በሌላው ፊውዝላጅ ላይ አይገባም፤ የአንድ አምራች የድሮና የአዲስ ሞዴል እንኳ የማይገጥምበት ጊዜ አለ። «አስማሚ ይሠራለታል» ሲሏችሁ አትመኑ፤ አስማሚው ክንፉን ከማስቱ ያርቀዋል፣ የክብደት ሚዛኑም ይዛባል። ክንፉን ብቻ የምትገዙ ከሆነ ፊውዝላጃችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው ግጠሙት። ጠበቅ ካደረጋችሁት በኋላ ጫፉን ይዛችሁ ወዝውዙት፤ መገጣጠሚያው ላይ ትንሽ እንኳ ቅጭ ካለ ተዉት።

ከዚያ ፍቱት። ሻጩ «ብሎኑ ስለተጣበቀ አሁን አይፈታም» ካለ ጉዳዩ አልቋል። ስቴንለስ ብሎን በአሉሚኒየም ፊውዝላጅ ውስጥ ከጨው ውኃ ጋር ወራት ሲቆይ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ነጭ ዱቄት የምታዩት ለዚህ ነው። በጉልበት ሲፈታ የፊውዝላጁ ጥርስ አብሮ ይወጣል። ካርቦኑም ከአሉሚኒየም ጋር በቀጥታ ሲነካካ ያው ነው። ብሎኑ ከፋብሪካው አብሮ የመጣው መሆኑንም እዩ፤ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን አሉሚኒየም ውስጥ ቢያንስ 12 ሚሊ ሜትር ካልገባ በግፊት ይነቀላል።

ክንፉን ራሱን በብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ በስልካችሁ መብራት መርምሩ፤ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። በሳንቲም መታ መታ እያደረጋችሁ ከመሃል ወደ ጫፍ ሂዱ። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የካርቦኑ ንብርብር የተላቀቀበት ቦታ እንደተሰነጠቀ ሸክላ የደነዘዘ ድምፅ ይሰጣል። ነቅንቁት፤ ውስጡ የውኃ ድምፅ ከተሰማ ፎሙ ውኃ ጠጥቷል። አዲስ የተቀባ ቦታ ካለ ምን እንደተሸፈነ ጠይቁ። የኋለኛው ጠርዝ ላይ ያለ ትንሽ ጉድለት ብዙውን ጊዜ ፉጨት ብቻ ነው የሚያመጣው፣ ይጠገናል፤ ዋጋ ለማስቀነስ ተጠቀሙበት።

«ሙሉ ስብስብ» ሲባል ደግሞ የኋላ ክንፉን (ፊውዝላጁ የኋላ ጫፍ ላይ የሚታሰረውን ትንሽ ክንፍ) አትርሱ። ለጀማሪ ከ250 እስከ 350 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያለው ያረጋጋል፤ ብዙ ጊዜ ከትልቅ የፊት ክንፍ ጋር የሚያያይዙላችሁ ግን ከውድድር የተረፈ 150 ነው።