የጤና ልዩነትን መለካት የሚያስተምረው ሥልጠና፦ ያገኘሁበትና የጎደለው

በቅርቡ ያጠናቀቅሁት ሥልጠና የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያዎች በሰዎች መካከል ያለውን የጤና ልዩነት እንዲረዱና እንዲለኩ ለማስቻል የተዘጋጀ፣ በኢንተርኔት የሚሰጥና ስድስት ሳምንት የሚፈጅ ነው። የክትባትና የወሊድ አገልግሎት ሽፋንን በየሩብ ዓመቱ እየደመርኩ አማካዩን ብቻ ሳቀርብ ለኖርኩት ለእኔ፣ ሦስተኛው ሳምንት ብቻውን ያጠፋሁትን ጊዜ ክሶኛል።

ትምህርቱ ልዩነትን ሁሉ ኢፍትሐዊ ብሎ አይጀምርም። የኅብረተሰብ ጤና ተመራማሪዋ ማርጋሬት ኋይትሄድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንዳብራሩት ኢፍትሐዊ የሚባለው ሊወገድ እየተቻለ ያልተወገደ፣ አላስፈላጊ የሆነ ልዩነት ነው። አረጋውያን ከወጣቶች ይልቅ መታመማቸው ብቻውን ለፍርድ አያበቃም፤ ስለዚህም የሁለት አካባቢዎችን የሞት መጠን ከማነጻጸር በፊት የነዋሪዎቹን የዕድሜ ስብጥር ልዩነት በስሌት ማስተካከል ያስፈልጋል። ቀጥሎ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረውና ተመራማሪው ማይክል ማርሞት በስፋት የተነተኑት የብሪታንያ መንግሥት ሠራተኞች ጥናት ነው። ሁሉም ደመወዝተኛ በሆኑበት መሥሪያ ቤት ውስጥ እንኳ ከላይኛው የሥራ እርከን ወደ ታችኛው በተወረደ ቁጥር የሞት መጠኑ ከፍ ይል ነበር። በመሆኑም እጅግ ድሃውንና እጅግ ሀብታሙን ብቻ ማወዳደር በመካከል ያሉትን ይሰውራል።

የሥልጠናው ዋና ጥንካሬ በሦስተኛው ሳምንት የተሰጠው መልመጃ ነው። በድሃው ክፍል ከ1,000 ሕፃናት 100፣ በሀብታሙ 50 ይሞቱ ነበር እንበል፤ ከዓመታት በኋላ ቁጥሮቹ ወደ 60 እና 20 ወረዱ። በመቀነስ ካሰላነው ልዩነቱ ከ50 ወደ 40 ጠቧል፤ በማካፈል ካሰላነው ግን ከ2 እጥፍ ወደ 3 እጥፍ ሰፍቷል። በቡድናችን ውስጥ አንዱ ወገን «ተሻሽሏል»፣ ሌላው «ብሷል» እያለ ከአንድ ሰዓት በላይ ተከራከርን፤ አሠልጣኟም ፈራጅ ለመሆን አልፈቀዱም። የጠየቁን ሁለቱንም ስሌቶች፣ ከሥራቸውም አራቱን መነሻ ቁጥሮች ጎን ለጎን እንድንጽፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዱን ስሌት ብቻ ይዞ የመጣ ሪፖርት ሳይ ሌላው ለምን እንደቀረ እጠይቃለሁ።

ለልምምድ የተመረጠው የዓለም ጤና ድርጅት በነፃ የሚያቀርበው፣ የጤና ልዩነትን የሚተነትነው ሂት (HEAT) የተባለው ሶፍትዌር ሲሆን፣ ሂት ፕላስ የተባለው ዓይነቱ የራስን መረጃ ለማስገባት ያስችላል። መረጃው በተወሰነው ቅርጽ መደራጀት ስላለበት የኤክሴል ልምድ የሌለው ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል።

ድክመቱ የሚታየው ከተጣራው የቤት ለቤት ጥናት መረጃ ወጥተን ወደ ዕለት ተዕለት ሥራችን ስንመጣ ነው። የጤና ተቋም መዝገብ የሚያውቀው ወደ ተቋሙ የመጣውን ሰው ብቻ ነው፤ ከሁሉ በላይ የተጎዳው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያልመጣው ነው። ሽፋኑ የሚካፈልበት የሕዝብ ብዛትም ከቆየ ቆጠራ የተገመተ ሊሆን ይችላል፤ ከ100 በመቶ በላይ የሆነ ሽፋን ያጋጠመው ባለሙያ የምለውን ያውቃል። ይህን ያህል ሰፊ ጉዳይ በ20 ደቂቃ ቪዲዮ ታልፏል። አንድ የጤና ነገር ወደ ድሃው ወይም ወደ ሀብታሙ ምን ያህል እንዳዘነበለ በአንድ ቁጥር የሚያሳየው የማጎሪያ ጠቋሚም ከ-1 እስከ +1 እንደሚደርስ ብቻ ተነገረን እንጂ፣ እንደ ክትባት ባለ «አገኘ ወይም አላገኘ» በሚባል ነገር ላይ ሽፋኑ ከፍ ባለ መጠን ጠቋሚው ሊደርስበት የሚችለው ክልል እንደሚጠብ አልተነሳም። ይህን ሳያውቁ ሁለት አካባቢዎችን ማወዳደር ያሳስታል።

ሥልጠናውን የምመክረው ስሌት ለማይፈራና በእጁ የሚተነትነው መረጃ ላለው ሰው ነው፤ ከተቻለም ከሥራ ባልደረባ ጋር ቢወሰድ ይሻላል። የመጨረሻው ሥራ የራስን ሪፖርት በሀብት፣ በትምህርትና በመኖሪያ ቦታ ከፋፍሎ እንደገና መጻፍ ነበር። የእኔ እርማት የመጣው የምስክር ወረቀቱ ከደረሰኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲሆን ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ሆኖም አንዱ በየክፍሉ ስንት ሰው እንደተቆጠረ በሠንጠረዡ እንዳስገባ ያዘዘኝ ነበር፤ ሳስገባው ትልቁን ልዩነት ያገኘሁበት ክፍል 11 ሰዎች ብቻ እንደነበሩት አየሁ።