ባለ ሌዘሯ የአየር መለኪያ በባሕር ዳር፦ በበጋ እመኗት፣ በክረምት ጠርጥሯት

በእጅ የምትያዘው፣ በዩኤስቢ የምትሞላው የአየር ጥራት መለኪያ በብዙ ስም ትሸጣለች። የብዙዎቹ ሆድ ዕቃ ግን አንድ ነው፦ ፕላንታወር ፒኤምኤስ5003 የሚባል ሴንሰር ወይም የእሱ ዘመድ። ትንሽ ማራገቢያ አየሩን ይስባል፣ ሌዘር ያበራበታል፣ ከብናኙ የተበተነው ብርሃን ወደ ማይክሮግራም በሜትር ኪዩብ ይቀየራል። ስለዚህ ብናኙን አትመዝንም፤ ትገምታለች። ባሕር ዳር ላይ ግምቷ መቼ እንደሚያዋጣ የሚወስኑት ወቅቱና እንደ ሳህን የጎደጎደው የጣና ዙሪያ መሬት ናቸው።

ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በሐይቁ ደቡብ ዳር ተቀምጣለች። ከሰከላ በኩል ግልገል አባይን ተከትሎ፣ በምሥራቅም ከጉና በኩል መሬቱ ወደ ጣና ያዘቀዝቃል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል መሬት በሌሊት ቶሎ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነውና እንደ ውኃ ወደ ረባዳው ይወርዳል፤ ከላዩ ያለው ሞቃት አየር እንደ አክንባሎ ይከደንበታል። የማታው የወጥ፣ የንጋቱ የእንጀራ ጭስ እዚያው ይታፈናል። ፀሐይ መሬቱን አሙቃ ክዳኑን እስክታነሳ፣ ብዙውን ጊዜ እስከ ጠዋት 3 ወይም 4 ሰዓት ድረስ፣ መውጫ የለውም። ከዚያ በኋላ ቀን ቀን የሐይቁ ነፋስ ወደ ከተማው ይነፍሳል፣ ማታ አቅጣጫው ይገለበጣል።

መለኪያዋ የተከፈለባትን ዋጋ የምትክሰው እዚህ ላይ ነው። የማገዶ ጭስ ደቃቅ ስለሆነ ሌዘሩ በደንብ ያየዋል። መሞከር የሚፈልግ በታኅሣሥ ንጋት 12 ሰዓት ተኩል አባይ ዳር፣ ወዲያው ደግሞ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ፣ በየቦታው 10 ደቂቃ ይለካ፤ ቀን 8 ሰዓት ላይ ይድገመው። ክዳን ካለ ጠዋት ታችኛው ቦታ ከፍ ይላል፣ ከሰዓት ልዩነቱ ይጠብባል። ሁለቱንም ቦታ በአንድ መሣሪያ ለኩ፤ ሁለት መለኪያ እርስ በርሱ ላይስማማ ይችላል። ኅዳር 12 ጠዋት ግን አታስቡት፦ ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ ጀምሮ ቆሻሻ የሚታጠንበት ቀን ነውና የምትለኩት ልማዱን እንጂ መልክዓ ምድሩን አይደለም።

ክረምት ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። ዝናቡ አየሩን ያጥባል፣ ደመናው የሌሊቱን ቅዝቃዜ ያለዝባል፣ መለኪያዋ ግን ልክ በዚያን ጊዜ ትዋሻለች። እርጥበቱ 80 በመቶ ሲያልፍ ብናኙ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ያበጠው ብዙ ብርሃን ይበትናል። ጉምንም ብናኝ ብላ ትቆጥራለች። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ይህንኑ ሴንሰር ለያዙት የፐርፕልኤር መለኪያዎች ያወጣው ማረሚያ ይረዳል፦ ንባቡን በ0.524 አባዙ፣ የእርጥበቱን መቶኛ በ0.0862 አባዝታችሁ ቀንሱ፣ 5.75 ደምሩ። ስክሪኑ 60፣ እርጥበቱ 85 ቢል የተስተካከለው 30 ገደማ ይሆናል፤ ግማሹ ማለት ነው። ቀመሩ ሴንሰሩ ከሚሰጣቸው ሁለት ቁጥሮች "ሲኤፍ1" ለሚባለው የተሠራ ነው፤ በአሜሪካ አየር ላይ ስለተሰፋም ለጎጃም ልክ ነው ብላችሁ አትማሉ።

ፒኤም 10 የሚለውን፣ እስከ 10 ማይክሮሜትር ስፋት ያለውን ብናኝ የሚያሳየውን መስመር እርሱት። ባጃጅ ከጥርጊያ መንገድ የሚያስነሳውን ሻካራ አቧራ ይህ ሴንሰር አሳንሶ ነው የሚያየው። የስክሪኑ ቀለምም ያሳስታል፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ለፒኤም 2.5 (እስከ 2.5 ማይክሮሜትር ስፋት ላለው ደቃቅ ብናኝ) ያስቀመጠው 15 ማይክሮግራም የ24 ሰዓት አማካይ ነው፣ ቀይ የሚያበራው ግን የዚህች ደቂቃ ንባብ ነው። እንጀራ እየተጋገረ ኩሽና ውስጥ አታስገቧት፤ አስተማማኝ መጠኗ እስከ 500 ነው፣ ከዚያ በላይ የምትለው አይያዝም፣ ጥላሸቱም ሌንሱን ያደክመዋል። ከሁሉ በላይ ካርቦን ሞኖክሳይድን አታይም። ዘግታችሁ ከሰል ካነደዳችሁበት ክፍል ውስጥ አረንጓዴ ብታሳይ አንድ ነገር አልነገረቻችሁም።

ስትሰቅሏት ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ከፍታ፣ ጥላ ያለበት፣ ከጭስ መውጫ የራቀ ቦታ ይሁን። በአፏ ሸረሪት ድር ካደራባት ንባቡ ይዘበራረቃል፤ በየሁለት ሳምንቱ በደረቅ ብሩሽና በአየር መንፊያ አጽዱ፣ እርጥብ ጨርቅ አይነካት። መብራት ሲጠፋ 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያለው ፓወርባንክ ቀንና ሌሊት ያቆያታል፣ ግን ትንሽ ጭነት ሲያይ ራሱን የሚያጠፋ ፓወርባንክ ስላለ ቀድማችሁ ሞክሩት።

ሱቅ ላይ 1 ደቂቃ አስከፍቱ፣ ማራገቢያው ሲዞር በጆሮ አዳምጡ፣ ከዚያ የጠፋ ክብሪት ጭስ አስጠጉ። ቁጥሩ በ10 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ካልዘለለ፣ ጭሱ ሲሄድም ካልወረደ መልሱት። የእርጥበት ንባብ የሌላትንም አትግዙ፤ ሐምሌ ላይ በምን ታርሟታላችሁ?