ለቤታ ብሎከር ተጠቃሚ የሚሆን የደም ግፊት መለኪያ፤ የአንጓው፣ የክንዱ ወይስ በእጅ የሚነፋው?

ወላጆቻቸው የደም ግፊት ወይም የልብ መድኃኒት የጀመሩላቸው ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ለቤት የሚሆን መለኪያ የትኛውን እንደሚገዙ ነው። በላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰረውን ዲጂታል ግዙ እላቸዋለሁ። በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን በግማሽ ዋጋ ገዝቼ እናቴን ለአደጋ ስላጋለጥኩ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ለሁሉም እኩል የሚያደላ ጽሑፍ ልጽፍ አልችልም።

እናቴ ባሕር ዳር ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ ዕድሜዋ 66 ሲሆን ሜቶፕሮሎል የተባለውን፣ የልብ ምትን የሚያረግብ ቤታ ብሎከር መድኃኒት መውሰድ ከጀመረች ዓመታት ተቆጥረዋል። በጥር 2016 ዓ.ም. የአንጓውን መለኪያ በ1,900 ብር ገዛሁላት፤ በዚያው ሳምንት የክንዱ 3,800 ብር ይባል ነበር። እናቴ ጠዋት ጠዋት አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ፣ እጇን ከራስጌዋ በተደራረበው ትራስ ላይ አሳርፋ ትለካ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ አንድ ሰኞ መሣሪያው 96 በ58፣ ማክሰኞ ደግሞ 94 በ55 አሳየ። ግፊቷ ከመጠን በላይ ወርዷል ብዬ ሐኪሟን ሳልጠይቅ መድኃኒቱን አስቆምኳት። በአራተኛው ሌሊት ልቧ እየደለቀ፣ ደረቷን ሰቅዞ ይዟት ነቃች፤ በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት፤ እዚያ ሲለካ ግፊቷ 182 በ104፣ የልብ ምቷም በደቂቃ 124 ሆኖ ተገኘ። በዚያ ሌሊት ለምርመራና ለመድኃኒት ያወጣነው ገንዘብ ብቻውን የክንዱን መለኪያ ይገዛ ነበር።

ሐኪሙ ያስረዳን ስሕተታችን ሁለት መሆኑን ነው። የመጀመሪያው የመለኪያው ነው፤ አንጓ ከልብ ከፍታ በላይ በወጣ ቁጥር ንባቡ ያለ አግባብ ይወርዳል፣ ከልብ በታች ሲሆን ደግሞ ይጨምራል፤ የ10 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ያዛባል። ሁለተኛውና የከፋው የእኔ ነበር። ቤታ ብሎከር የሚባሉት መድኃኒቶች፣ ማለትም ፕሮፕራኖሎል፣ አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል፣ ቢሶፕሮሎል፣ ካርቬዲሎልና የመሳሰሉት፣ አድሬናሊን በልብ ላይ የሚያርፍባቸውን ተቀባዮች በመዝጋት የልብን ምትና ጉልበት ያረግባሉ፤ ልብ ግን ለረጅም ጊዜ ሲታገድ ተቀባዮቹን ስለሚያበዛ፣ መድኃኒቱ በድንገት የተቋረጠ እንደሆነ አድሬናሊኑ ከቀድሞው በበረታ ኃይል ይመታዋል። የልብ ደም ሥር ጥበት ባለበት ሰው ላይ ይህ ሃርት አታክ እስከ ማስከተል ይደርሳል። መድኃኒቱን መተው ቢያስፈልግ እንኳ መጠኑን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በሚሆን ጊዜ ውስጥ ቀስ በቀስ የሚቀንሰው ሐኪሙ ራሱ ነው። ስለዚህ ለዚህ መድኃኒት ተጠቃሚ የተሳሳተ መለኪያ መግዛት፣ የተሳሳተ ክኒን ከመግዛት እምብዛም የተለየ አይደለም።

አሁን ወደ ዋጋው ልመለስ። የክንዱን በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ስገዛ፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ስለነበር 4,600 ብር ከፈልኩ፤ በጥር ወር ብገዛው ኖሮ 800 ብር ይተርፈኝ ነበር። በአንጓው ላይ ግን ከ1,900 ብሩ ሌላ ማያው ሲደበዝዝ ለጠጋኝ 250 ብር፣ ቶሎ ቶሎ ለሚያልቁት ትንንሽ ባትሪ ድንጋዮች በዘጠኝ ወር ውስጥ 480 ብር አውጥቻለሁ፤ ድምሩ 2,630 ብር ነው፤ መሣሪያውም ዛሬ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። የክንዱ አራት መካከለኛ ባትሪ ድንጋይ ይወስዳል። ርካሾቹን ባትሪዎች አትግዙ፤ አየር የሚነፋው ሞተር ጉልበት ስለሚፈልግ በሁለት ሳምንት ይደክሙና መሣሪያው እየነፋ መሐል ላይ ይቆማል። በኤሌክትሪክ ለመጠቀም የፈለገ ሰው በመሣሪያው ጀርባ የተጻፈውን ቮልት የሚሰጥ አዳፕተር ይግዛ፤ እኔ ባለ 6 ቮልቱን መሣሪያ ቤት ውስጥ በተገኘ ባለ 9 ቮልት አዳፕተር ሰክቼ ካርዱን አቃጥዬ፣ ለጥገና 700 ብር ከፍያለሁ። ከጥገናው በኋላም ንባቡ ትክክል መሆኑን ጤና ጣቢያ ወስጄ ከነርሷ መለኪያ ጋር እስካስተያይ ድረስ አላመንኩትም ነበር።

ከዋጋ ቀጥሎ የሚያስፈራኝ ቅጂው ነው። አንድ ወዳጄ የታወቀ ኩባንያ ስም የተለጠፈበትን የክንድ መለኪያ በ2,300 ብር አገኘሁ ብሎ ደስ ብሎት አመጣልኝ። በካርቶኑ ላይ ያለው መለያ ቁጥር ከመሣሪያው ጀርባ ካለው ጋር አይገጥምም፤ በክንድ ማሰሪያው ላይም ለምን ያህል የክንድ ውፍረት እንደተሠራ የሚገልጽ ጽሑፍ የለም። ማሰሪያውን ውሃ በሞላ ትልቅ ሃይላንድ ላይ ጠቅልለን ቁልፉን ስንጫነው፣ 118 በ76፣ የልብ ምት 72 ብሎ አሳየን። ደም ሥር በሌለው ነገር ላይ ትክክለኛ መሣሪያ ማሳየት ያለበት የስሕተት ምልክት ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ከፍታችሁ ቁጥሮቹን አመሳክሩ፣ ደረሰኝና ዋስትና ጠይቁ፣ ሞዴሉም አይኤስኦ 81060-2 በተባለው መስፈርት ተፈትኖ ያለፈ መሆኑን አረጋግጡ። የመስፈርቱ ፍሬ ነገር፣ መሣሪያው ከሠለጠነ ሰው ልኬት በአማካይ ከ5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ እንዳይርቅ ነው። ጣትን በስልክ ካሜራ ላይ በማሳረፍ ግፊት እንለካለን የሚሉትን መተግበሪያዎች ግን ከነጭራሹ ተዉአቸው።

የክንድ ማሰሪያው ስፋት ከመሣሪያው ስም ይበልጣል። ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የታካሚውን ክንድ በትከሻና በክርን መካከል በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩ። መካከለኛው ማሰሪያ ብዙ ጊዜ ከ22 እስከ 32 ሳንቲ ሜትር፣ ትልቁ ከ32 እስከ 42 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ ነው። ለወፍራም ክንድ ጠባብ ማሰሪያ ግፊትን ከልክ በላይ ያሳያል፤ ለቀጭን ክንድ የሰፋው ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል፤ ያ ዝቅ ያለ ቁጥር እኔ የሠራሁትን ስሕተት ሌላውን ሊያሠራው ይችላል።

በእጅ እየተነፋ በስቴቶስኮፕ የሚለካው ርካሽ ነው፤ እኔ ስጠይቅ ከነማዳመጫው 1,700 ብር ነበር፤ ባትሪም መብራትም አይፈልግም። ሆኖም ሰው ብቻውን ራሱን ሊለካበት ይከብዳል፣ የሠለጠነ ጆሮ ይፈልጋል፣ ሲወድቅ መርፌው ከዜሮ ይንሸራተታል፣ የልብ ምትንም ቆጥሮ አይሰጥም። ለቤታ ብሎከር ተጠቃሚ ደግሞ የምቱ ቁጥር ከግፊቱ እኩል ያስፈልጋል፤ መድኃኒቱ ምትን ስለሚቀንስ፣ ያለ ምንም ስሜት 58 ሆኖ መገኘቱ ለብዙዎች የሚጠበቅ ነው፤ ከ50 በታች ከወረደ ወይም ማዞር፣ ራስን መሳት፣ የትንፋሽ ማጠር ከተጨመረበት ግን ቀጣዩን ክኒን በራስ ፈቃድ መተውም መዋጥም ሳይሆን ወዲያው ሐኪም ጋ መደወል ወይም መሄድ ይገባል። አስም ያለበት ሰው ከመጀመሪያው ለሐኪሙ ሊናገር ይገባል፤ በተለይ ፕሮፕራኖሎል የሳንባን ቧንቧ ያጠብባል። የስኳር ሕመምተኛም መድኃኒቱ የስኳር ማነስ ምልክት የሆኑትን የልብ መምታትና መንቀጥቀጥ እንደሚደብቅበት፣ ላብን ግን እንደማይደብቅ ይወቅ።

የክንዱን ከገዛን ወዲህ እናቴ የምትለካው ጠዋት ከመድኃኒቷ በፊትና ማታ ነው። የዘጌ ቡናዋን ከለካች በኋላ ትጠጣለች፤ ቡና ከተጠጣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ማለፍ አለበትና። ወንበር ላይ ጀርባዋን ተደግፋ፣ እግሮቿን ሳታጣምር መሬት አስረግጣ አምስት ደቂቃ ታርፋለች፤ ክንዷ ከጋቢም ከእጅጌም ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ በልብ ከፍታ ያርፋል፤ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ለክተን ግፊቱንም ምቱንም ደብተር ላይ እንጽፋለን። በቤት ውስጥ ከፍ አለ የሚባለው 135 በ85 እና ከዚያ በላይ ነው፤ ደብተሩን ግን ሐኪሟ ያነበዋል እንጂ እኔ ከእንግዲህ አልፈርድበትም።

የክንዱን ዲጂታል ብቻውን የማልመክርላቸው አንዲት ሰው ብትኖር ከዘጌ በጀልባ እየተሻገሩ የሚታከሙት አክስቴ ናቸው። በልጅነታቸው የያዛቸው የቁርጥማት በሽታ የልባቸውን በር አጥብቦታል፤ አቴኖሎል የሚወስዱትም ምታቸውን ለማዘግየት ነው። ልባቸው ሥርዓት በሌለው አኳኋን ስለሚመታ ዲጂታሉ በየጊዜው የተለያየ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ሦስት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ይረዳል፤ አንዳንዱ ምት ክንድ ድረስ ስለማይደርስ ግን መሣሪያው የሚቆጥረው ከእውነተኛው ሊያንስ ይችላል። ለእሳቸው ስቴቶስኮፕ ለብቻው በ900 ብር ገዛሁላቸው፤ ጎረቤታቸው የሆነች ነርስ በሳምንት ሁለት ቀን ደረታቸው ላይ አድርጋ፣ ሰዓቷን እያየች ሙሉ አንድ ደቂቃ ትቆጥርላቸዋለች።