መብራት ሲጠፋ የሚጮኸው የትኛው ነው? የቢሮ ስልክ ለሚገዙ የቀረበ ንጽጽር

ባለፈው ክረምት አንድ ወዳጄ ቢሮ ቁጭ ብዬ መብራት ጠፋ። ሃያ ሰው የሚሠራበት የአስመጪ ቢሮ ነው። ዩፒኤሱ (መጠባበቂያ ባትሪው) ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረ። ኮምፒውተሮቹ አልጠፉም፤ በኢንተርኔት ገመድ የሚሠሩት አዲሶቹ የአይፒ ስልኮችም እንደበሩ ናቸው። ወዳጄ ደስ ብሎት «አየህ!» አለኝና ስልኩን አነሳ። ጭጭ። ለካ የውጭውን መስመር ወደ ቢሮው የምታስገባው፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለችው የፋይበር መቀበያ የተሰካችው ዩፒኤሱ ላይ አይደለም። ከሻይ ውሃ ማፍያው ጎን ያለ ተራ ሶኬት ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ «የትኛውን እንግዛ?» የሚለኝን ሰው ሁሉ የምጠይቀው ስለ ብልሽት ቀን ነው። ዋጋውንና ጌጣጌጡን ሻጩ ራሱ ይነግራችኋል። እዚህ የማነጻጽረው ሦስቱን ነው፦ በመዳብ መስመር የሚሠራውን የድሮ ማዞሪያ (ፒኤቢኤክስ፣ የውጭ ጥሪን ለውስጥ ስልኮች የሚያከፋፍለውን ሳጥን)፣ ቢሮ ውስጥ የሚቀመጠውን የአይፒ ማዞሪያ፣ እና ሳጥኑ ሌላ ቦታ ያለውን የክላውድ ስልክ።

መብራት ሲጠፋ

የመዳብ መስመር ኃይሉን ይዞ ይመጣል። ከቴሌ ጣቢያ 48 ቮልት ስለሚላክለት ተራው ባለገመድ ስልክ ያለ ቢሮው መብራት ይሠራል። ማዞሪያው ራሱ መብራት ይፈልጋል። ግን ብዙዎቹ አንድ ብልሃት አላቸው፤ ኃይል ሲቋረጥ አንዱን የውጭ መስመር በቀጥታ ከአንድ የውስጥ ስልክ ጋር ያገናኛሉ። የትኛው የውስጥ ቁጥር እንደሆነ ቴክኒሻኑን ጠይቁና እዚያ ላይ ተራ ስልክ አድርጉ። እንግዳ መቀበያው ላይ ይሁን፤ መጋዘን ውስጥ ቢጮህ ማን ይሰማዋል? ገመድ አልባው ስልክ እዚህ ላይ አይቆጠርም። መቀመጫው መብራት ይፈልጋል።

የአይፒው ነገር የባትሪ ሒሳብ ነው። አንድ ስልክ ወደ 5 ዋት ይበላል እንበል። ሃያ ስልክ 100 ዋት። ስልኮቹን በገመድ የሚያገናኘው ስዊች፣ ማዞሪያውና የፋይበር መቀበያው ሌላ 50 ቢጨምሩ 150 ዋት ሆነ። አነስተኛ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባትሪ ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ነው፤ 84 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ወረቀት ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል። ብክነቱና የባትሪው እርጅና ሲታሰብ ሃያ ደቂቃ ከቆየላችሁ እሰየው ነው። ስለዚህ ሃያውንም ለማዳን አትድከሙ። ሦስት ስልክ፣ ስዊቹ፣ ማዞሪያውና መቀበያው ብቻ ባትሪው ላይ ይሁኑ።

ክላውዱ እዚህ ላይ ያሸንፋል። ሠራተኛው አፕሊኬሽኑን በሞባይሉ ከፍቶ ካፌ ሄዶም የቢሮውን ጥሪ ይቀበላል።

ገመድ ሲቆረጥ

በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲቆፈር የከረመበት ሰፈር ቢሮ ያለው ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ስህተቱ ያለው «ሁለት መስመር አለን» ከሚለው ላይ ነው። መዳቡም ፋይበሩም በአንድ ቦይ ከገቡ አንድ ኤክስካቫተር ሁለቱንም ይዟቸው ይሄዳል።

ለአይፒ ማዞሪያ 4ጂ ራውተር መጠባበቂያ ማድረግ ጥሩ ነው። አንድ ጥሪ በተለመደው ኮዴክ (ድምፅን ወደ ዳታ በሚለውጠው ስልት) ወደ 90 ኪሎ ቢት በሰከንድ ገደማ ነው የሚፈልገው፤ አሥር ጥሪ አንድ ሜጋ ቢት አይሞላም። ግን ሻጩ የማያነሳው ነገር አለ። የስልክ ቁጥራችሁን የሚያመጣው ሲፕ ትራንክ (በዳታ መስመር የሚገባው የስልክ አገልግሎት) በዚያው ፋይበር ላይ በተዘረጋ የግል መንገድ ብቻ የሚገባ ከሆነ፣ 4ጂው ኢንተርኔት ይሰጣችኋል እንጂ ቁጥራችሁን አያመጣላችሁም። ከመፈረማችሁ በፊት ይህን ጥያቄ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ አዲስ አበባ ላይ ሌላ አማራጭ አለ። ዋናው መስመራችሁ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ፣ አንድ በ07 የሚጀምር የሳፋሪኮም ሲም መሳቢያ ውስጥ ይኑር። ባለ ቁልፍ ርካሽ ስልክ ይበቃዋል። ቁጥሩን ግን ደንበኞቻችሁ ከአደጋው ቀን በፊት ይወቁት። ለደንበኛ የሰጣችሁት ሞባይል ከሆነ ደግሞ፣ ስልኩ ሳይገኝ ሲቀር ጥሪው ወደ ሌላ ቁጥር እንዲዞር (**62* ብሎ በሚጀምረው የተለመደ ኮድ) አስቀድማችሁ ሙሉትና ስልኩን አጥፍታችሁ ሞክሩት።

ሲሞችን ከማዞሪያው ጋር የሚያገናኘውን ጌትዌይ የሚያቀርብላችሁ ሻጭ አይጠፋም። እቃው ምቹ ነው፤ ግን ያለ ፈቃድ እንዳትነኩት። በአዋጅ ቁጥር 761/2004 የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል ነው፤ ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ማስገባትና መጠቀምም ያስጠይቃል። የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ሳትጠይቁ ባለ ብዙ ሲም ሳጥን መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ሌላ አደጋ መግዛት ነው።

ኢንተርኔቱ ጭራሽ ሲዘጋ

በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘግቶ ነበር። የሞባይል ጥሪ አዲስ አበባ ላይ ይሠራ ነበር። ሰርቨሩ ውጭ አገር ያለ ክላውድ ስልክ ግን በእንዲህ ያለ ጊዜ በድን ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የቀይ ባሕር የባሕር ሥር ኬብሎች ተቆርጠው የስንቱን አገር ትራፊክ እንዳወኩ አይተናል። እዚህ ላይ አልሸፋፍንም፦ ደንበኞቹ እዚሁ አገር ቤት ያሉ ቢሮ ውጭ የተቀመጠ ክላውድን ብቸኛ ስልኩ ማድረግ የለበትም። ሁለተኛ አድርጎ ይያዘው።

ዋሽንግተን ወይም ለንደን የጉዞ ወኪል ወይም ምግብ ቤት ላላችሁ ነገሩ ይገለበጣል። ብሪታኒያ የመዳቡን ስልክ እስከ ጥር 2027 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ልትዘጋ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫ የለም ማለት ነው። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ክላውድ ስትገዙ ለ911 (ለአደጋ ጥሪ) የሚመዘገበውን አድራሻ አረጋግጡ። ሱቅ ስትቀይሩ አድራሻው አብሯችሁ አይሄድም።

ሳጥኑ ሲቃጠል

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ የደረሰውን እሳት ታስታውሳላችሁ። እንዲህ ዓይነት ቀን ሲመጣ ስንት ብር የፈጀ ማዞሪያ እንደነበር ማንም አይጠይቅም። ጥያቄው ቅጂው የት እንደነበር ነው።

የአይፒ ማዞሪያ ጠቅላላ ቅንብሩ አንድ ፋይል ላይ ይወጣል። በየሳምንቱ ከሕንፃው ውጭ ካስቀመጣችሁት፣ ተመሳሳይ ሳጥን በተገኘ ዕለት ተመልሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። እንደ ዪስታርና ግራንድስትሪም ያሉት የማዞሪያ ዓይነቶች አንዱ ሲሞት ሌላው የሚተካበት ጥንድ አሠራር አላቸው። ከብልሽት ያድናል። አንድ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጡ ግን አብረው ይቃጠላሉ።

የድሮው ማዞሪያ እዚህ ላይ ደካማ ነው። ቅንብሩን የሚያውቀው ከስምንት ዓመት በፊት የገጠመው ልጅ ነው፤ እሱም ዱባይ ሄዷል። ቢያንስ የውስጥ ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ።

ክላውድም አይቃጠልም እንዳትሉ። በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ስትራስቡርግ የሚገኘው የኦቪኤች ኩባንያ ዳታ ማዕከል (ሰርቨሮች የሚቀመጡበት ሕንፃ) ነድዷል። ቅጂያቸውን እዚያው ያስቀመጡ ደንበኞች ዳታቸውን አጥተዋል።

ለአዲስ አበባው መካከለኛ ቢሮ እኔ የምመርጠው የአይፒውን ነው፤ የድሮው የመዳብ መስመር ካለ አንዱ ሳይቆረጥ፣ ከሌላው ኩባንያ ሲም ጋር። አምስት ሰው ላለበት ቢሮ ማዞሪያ ራሱ ቅንጦት ነው። ሁለት ሲም ይበቃዋል።

ወዳጄ መቀበያዋን ወደ ዩፒኤሱ አዛወራት። የፈጀበት አንድ ማራዘሚያ ገመድ ነው። ባለፈው ማክሰኞ በሻይ ሰዓት ራሱ ቆጣሪውን አጥፍቶ ሲሞክር ስልኩ 17 ደቂቃ ቆየለት። አሁን ባትሪ እያፈላለገ ነው።