ለሪፍ ታንክ የቱ መብራት ይሻላል፦ ጥቁሩ ሳጥን፣ ቲ ፋይቭ ወይስ ያገለገለ ፕራይም?

ባለፈው አንድ ወር ብቻ ሦስት ሰው ደውሎ ስለ ሪፍ ታንክ፣ ማለትም ኮራል የሚባለው የባህር እንስሳ ስለሚያድግበት የጨው ውሃ አኳሪየም፣ ያንኑ ጠየቀኝ፣ "ያ 110 ዶላሩ መብራት አይበቃም እንዴ?" እያለ። አይበቃም እንዳልል እኔ ራሴ ሁለት ዓመት ሙሉ የተጠቀምኩት እሱን ነው፣ በቃ በስልክ ከምለፈልፍ አንዴ ልጻፈውና ለጠየቀኝ ሁሉ ልላከው ብዬ ነው።

የኔ ታንክ 40 ጋሎን ነው፣ ያ ብሪደር የሚሉት ዝቅ ያለው፣ ርዝመቱ 36 ኢንች ስፋቱ 18። ሜሪላንድ አፓርታማ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጧል። ውስጡ ዞአ፣ ሀመር፣ ቶርች ምናምን የሚባሉ ኮራሎች ናቸው ያሉት፣ ማለትም ለስላሳዎቹና ኤልፒኤስ የሚባሉት፣ ድንጋያማ አጥንት ያላቸው ትልልቅ አፎች። አክሮፖራ፣ ያ ኃይለኛ ብርሃን የሚፈልገው ጠንካራ ኮራል፣ ያማራችሁ ሰዎች ሌላ ሰው ጠይቁ፣ የእናንተ ኪስም ከኛ ይለያል።

ከጥቁሩ ሳጥን ልጀምር፣ ያ 110 ዶላሩ ኤልኢዲ መብራት ማለት ነው። የምርት ስሙ በየሻጩ ይቀያየራል እንጂ ዕቃው ያው ነው፣ 165 ዋት ተብሎ ይሸጣል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? ውስጡ 55 ትንንሽ አምፖል አለ፣ እያንዳንዱ 3 ዋት ነው ይሉና 55 በ3 ያባዙታል። እኔ ሶኬት ላይ የሚሰካ የዋት መለኪያ በ25 ዶላር ገዝቼ ሰማያዊውንም ነጩንም እስከ መጨረሻው ከፍቼ ስለካው 112 አለኝ። መለኪያው ተበላሽቶ ነው ብዬ የማይክሮዌቩንም ለካሁበት፣ መለኪያው ደህና ነው። እሺ 112ም ለ40 ጋሎን አያንስም፣ ችግሩ ሌላ ነው። አምፖሎቹ ላይ ያለው ሌንስ ብርሃኑን ወደ መሃል ስለሚሰበስበው መሃሉ ይቃጠላል ጥጉ ይጨልማል። ሰማያዊ ብርሃን ደግሞ ለዓይን ደብዘዝ ያለ ይመስላል፣ እኔም "ገና ትንሽ ነው" እያልኩ ስጨምር ስጨምር የ80 ዶላር ቶርች በአስር ቀን ውስጥ ነጭ ሆኖ ቀረ። ከዛ በኋላ ነው ነቅቼ ከሱቅ ፓር ሜትር የተከራየሁት፣ ለቅዳሜና እሁድ 40 ዶላር (መግዛት ካላችሁ 500 አካባቢ ነው፣ አትግዙ)። ፓር ማለት በቃ ኮራሉ የሚበላው ብርሃን ነው በሉት። ለስላሳዎቹ ከ50 እስከ 100፣ ኤልፒኤሶቹ ከ100 እስከ 150 አካባቢ ይበቃቸዋል። የኔ ታንክ መሃል አሸዋው ላይ 280፣ ጥጉ ጋ 45። ቶርቹን ያስቀመጥኩት የት መሰላችሁ፣ መሃል ነዋ፣ እንዲያምር።

ጥገናውን ደግሞ ስሙ። በ14ኛ ወሩ ፋኑ እንደ ቡና ወፍጮ መጮህ ጀመረ። ብሎኖቹን ፈትቼ ስከፍተው ጨው እንደ አመዳይ ለብሷል፣ ከፋኑ ሥር ያለው ቦርድ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። ፋኑ ተራ የኮምፒውተር ፋን ነው፣ 80 ሚሊሜትር 12 ቮልት፣ በ9 ዶላር ቀየርኩት። አራት ወር አልቆየም አንድ ረድፍ ሰማያዊ አምፖል ድርግም አለ። በተከታታይ ነው የታሰሩት፣ አንዷ ስትሞት ረድፉን ይዛ ትሄዳለች። የሞተችውን ፈልጎ ማግኘት፣ ነቅሎ አዲስ መበየድ፣ የእሁድ ከሰዓቴን በላ። እሱ ተሠርቶ ሳያልቅ ለአምፖሎቹ ኃይል የሚሰጠው ድራይቨር ተበላሸ፣ ሌላ 22 ዶላር። ስደምረው 110 ሲደመር 9 ሲደመር 22፣ 141። ቶርቹን ከጨመርኩበት 221። እሁዴን አልቆጠርኩም።

አሁን ያለኝ ሁለት ያገለገለ ፕራይም 16 ኤችዲ ነው፣ ትንሽ የኤልኢዲ መብራት። አንዱን በ120 ገዛሁ፣ ሁለቱ 240፣ መያዣ ክንዱ ደግሞ 25 25፣ ድምር 290። አዲስ አንዱ ብቻ ከ200 በላይ ስለሆነ አዲስ አልመክርም፣ ምን በወጣችሁ። አንዱ ፕራይም ቢበዛ 59 ዋት ቢሆን ነው፣ እኔ ግማሹ ላይ ነው የማበራቸው። ሁለት ቦታ ስለተሰቀሉ ያ የመሃል ቃጠሎ ቀረ፣ በዛው በተከራየሁት መለኪያ ዓይነት ድጋሚ ስለካ ከጥግ እስከ መሃል ከ80 እስከ 150 ውስጥ ነው። ጠዋት ቀስ ብሎ ይበራል ማታ ቀስ ብሎ ይጠፋል፣ ከስልክ ነው የሚታዘዘው። ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው፣ እስካሁን ያደረግኩለት ነገር ቢኖር በየሁለት ወሩ ፋኑን በብሩሽ ማራገፍ ብቻ ነው።

ቲ ፋይቭ የሚባለው ቀጭኑ የፍሎረሰንት ዘንግ ጋ ስንመጣ፣ እውነቱን ለመናገር የብርሃኑን ስርጭት የሚያክለው የለም፣ ጥላ የሚባል ነገር አያውቅም፣ የድሮ ሰዎች ዛሬም በሱ ነው የሚምሉት። ግን ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ያገለገለ ባለ አራት አምፖል በ90 ታገኛላችሁ፣ አምፖሎቹ ስንት ወር እንደበሩ ስለማይታወቅ በዛው ቀን አዲስ መግዛት ነው፣ አንዱ 25 አራቱ 100። አምፖል ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ይለወጣል፣ ቢበራም ብርሃኑ ይደክማል። በሦስት ዓመት 390 አወጣችሁ ማለት ነው፣ በአራተኛው እንደገና 100። ባለ 36 ኢንቹ አምፖል 39 ዋት ነው፣ አራቱ 156፣ በቀን 9 ሰዓት ከበራ በወር 42 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። የኔ ሁለቱ ፕራይሞች 16 አካባቢ። በዛ ላይ ፍሎረሰንት አምፖል ከገበያ እየወጣ ነው። ሜታል ሃላይድ፣ ያ ኤሌክትሪክ የሚበላ የድሮ አምፖል፣ የሚላችሁ ሰው ካለ የበጋ ኤሌክትሪክ ቢሉን ያሳያችሁ። ራዲዮን የሚባለው ኤልኢዲ ምርጥ ነው፣ ዋጋውን አይታችሁ ተመለሱ።

አንድ ወዳጄ ደግሞ "ብልጥ ሆንኩ" ብሎ ኬሲል የሚባለውን ታዋቂ መብራት ቁርጥ የሚመስል ክብ መብራት ኦንላይን በ60 ዶላር ገዛ። 90 ዋት ይላል ካርቶኑ። ቤቱ ሄጄ በመለኪያዬ ሰካሁለት፣ 38። ገልብጠን ስናየው መክፈቻ ብሎን እንኳን የለውም፣ በሙጫ የተዘጋ ነው፣ ቢበላሽ መጣል ብቻ። ዋናው ኬሲል ከባድ ነው፣ ሙቀት የሚያወጣ ብረት አለው፣ ይሄኛው እንደ ባዶ ጣሳ ነው የሚቀለው። ስለዚህ አንስታችሁ ሳትመዝኑ አትክፈሉ።

ሁሉም ሰው መብራት መብራት ይላል እንጂ ታንክ የሚገድለው ሂተር ነው። የኔ ባለ 300 ዋት ርካሽ ሂተር ቴርሞስታቱ በርቶ ተጣብቆ ከሥራ ስመለስ ውሃው 88 ፋራናይት ገብቷል፣ መሆን ያለበት 78 ነው። ሁለት ዓሣ ሄደ፣ ሀመሩ በስንት ወሩ ተመለሰ። አሁን ሁለት ባለ 100 ዋት ነው ያለኝ፣ አንዱ ተጣብቆ ቢቀር ብቻውን ታንኩን መቀቀል አይችልም። ሁለቱም ደግሞ በ35 ዶላር ኢንክበርድ የሙቀት ኮንትሮለር በኩል ነው የሚያልፉት። እዚህ ጋ ገንዘብ አትቆጥቡ፣ ጠቅላላው 90 ዶላር አይሞላም።

የሞገድ ፓምፕ ላይ ግን በተቃራኒው ነኝ፣ ቻይናውን በ45 ግዙ። ከ200 በላይ የሚጠይቀው ጸጥ ይላል አልክድም፣ ግን ለሱ ልዩነት ሦስት ትርፍ ፓምፕ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። በየሦስት ወሩ አቼቶና ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ነጩ ድንጋይ ይለቅለታል፣ የውስጡ ማግኔት ተሰንጥቆ ዝገት ካወጣ ያኔውኑ ጣሉት። ስኪመር፣ ቆሻሻውን በአረፋ የሚያወጣው ዕቃ፣ ዓሣ ካላበዛችሁ ለጊዜው ይቆይ። አርኦ ዲአይ ውሃ ማጣሪያ ግን 70 ዶላር ነው፣ ከሱቅ ውሃ በጋሎን እየገዛችሁ ደረጃ ከምትወጡ ይሻላል።

አባቴ በደጉ ጊዜ አሰብ ወደብ ሠርቷል። ኮራሉን በቪዲዮ ሲያየው "ይሄ እኮ እዛ ጫማችን ሥር የምንረግጠው ነው፣ ስንት አወጣህበት?" ይለኛል። 80 ስለው ስልኩን ለእናቴ ይሰጣታል። ያን ታንግ የሚባለውን የቀይ ባህር ወይን ጠጅ ዓሣ ዋጋ አልነገርኩትም፣ ለ40 ጋሎን ስለሚገዝፍ ደግነቱ አልገዛሁትም።

ያገለገለ ፕራይም ልታዩ ስትሄዱ ሻጩ ቀድሞ አብርቶ እንዳይጠብቃችሁ፣ ከቀዝቃዛ ይጀምር። ሃያ ደቂቃ ይብራ፣ እያንዳንዱን ቀለም ለየብቻ ከስልክ አስከፍቱት፣ ጆሮ አስጠግታችሁ ፋኑን ስሙ፣ ገመዱ መብራቱ ውስጥ የሚገባበትን ጫፍ በስልክ ባትሪ እዩት፣ አረንጓዴ ካለ 80 በሉና ዝም በሉ። እሱ "አዲስ እኮ ነው" ሲል የዋት መለኪያውን ከኪስ ማውጣት ነው፣ እኔ 150 ያለኝን በ120 የገዛሁት ሌላ ምንም ሳልናገር እሱን ሶኬቱ ላይ ሰክቼ ነው።