ኮምፒውተር ለሚያስጠግን ሁሉ፦ ደሴ ፒያሳ ስላለው ወንድማችን

የስሌታዊ ባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ ነኝ፤ የሕያዋንን ኬሚስትሪ በኮምፒውተር ስሌት አጠናለሁ። ቤተ ሙከራዬ አንድ ኮምፒውተር ነው፤ ቀን ከሌት ካልሠራ እኔም ሥራ የለኝም።

የማጠናው የወባ ጥገኛ ተሐዋሲ ያለ እርሱ ሊራባ የማይችለውን አንድ ኢንዛይም (ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ነው። ፋንሲዳር በተባለው የወባ መድኃኒት ውስጥ ያለው ፒሪሜታሚን የሚያጠቃው ይህንኑ ነው፤ ነገር ግን በኢንዛይሙ 108ኛ ቦታ ላይ ያለችው አንዲት አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ ቅንጣት) ስትቀየር የመድኃኒቱ ጉልበት ይደክማል። አገራችንም ተሐዋሲው መድኃኒቱን እየተላመደ ሲያስቸግር እ.ኤ.አ. በ2004 ኮአርተም ወደተባለው ሌላ የወባ መድኃኒት ተሻግራለች። የዚያችን ለውጥ ውጤት ለማየት የእያንዳንዱን አተም እንቅስቃሴ በሁለት ፌምቶ ሰከንድ እርምጃ አሰላለሁ፤ ፌምቶ ሰከንድ የናኖ ሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው። አንዲት ናኖ ሰከንድ፣ ማለትም የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ፣ ለመሙላት 500,000 እርምጃ ማለት ነው። በመካከሉ መብራት ይጠፋል!

ኮምፒውተሬ በኮምቦልቻ ሙቀት በሥራ መሃል በራሱ መዘጋት ሲጀምር፣ መጀመሪያ ያየው ባለሙያ «ማዘርቦርዱ ሞቷል፣ ሌላ ግዢ» ብሎ አሰናበተኝ። የሀረጎን ዳገት ሽቅብ ወጥቼ ደሴ ወሰድኩት። ይህኛው ብሎን ሳይፈታ «አብሽሪ እህቴ፣ ምን ትሠሪበታለሽ?» አለኝ። ነገርኩት፤ ከልቡ አዳመጠኝ። ከፍቶ ማቀዝቀዣውን ሲያነሳ ፕሮሰሰሩ ላይ የነበረው ቅባት ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። ጠርጎ አዲስ ቀባው፤ በማራገቢያው ክንፎች መካከል የተጋገረውንም አቧራ በቀለም ብሩሽ አወጣ። ማዘርቦርዱ ደህና ነበር።

በዚህ አላበቃም። የምጠቀምበት ግሮማክስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የደረሰበትን በየ15 ደቂቃው እንደሚያስቀምጥ ስነግረው፣ መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ ተነስቶ ስሌቱን ካቆመበት እንዲቀጥል አድርጎ አስተካከለልኝ። ሜሞሪ ልጨምር ብለው «ለአንቺ ሥራ ለውጥ አያመጣም፣ ገንዘብሽን ያዢ» አለኝ። ዕቃ ሻጭ ሆኖ እንዲህ የሚል ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

እ.ኤ.አ. በ2013 ማርቲን ካርፕለስ፣ ማይክል ሌቪት እና አርየ ዋርሼል ለዚህ ሙያ መሠረት በመጣላቸው በኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። ኮምፒውተራቸውን ማን ይጠግንላቸው እንደነበር የጻፈ ግን አላየሁም። የእኔን የሚጠግነውን ልመስክር፦ እጁ ይባረክ።

ስልክ ቶሎ አያነሳም፣ ሱቁም ጠባብ ነው፤ ዓርብ ከሆነ ከጁምዓ በኋላ ሂዱ። ዋጋውን ሥራ ሳይጀምር ይናገራል፤ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃም ይመልሳል። አድራሻውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ።